አልወርድ ያለው ጉርሻ፦ ከአንገት አጥንት የመጣ የመዋጥ ችግርና ቀዶ ሕክምናው

እንጀራ ጉሮሮ ላይ ሲቆም የኛ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ቶንሲል ነው። ቶንሲል ካልሆነ ጨጓራ ነው ይባላል። ከዚያ ያለፈውን ስሙን የሚጠራው የለም፣ «ያ ክፉ በሽታ» ተብሎ ይታለፋል። ዛሬ የምጽፈው ከሦስቱም ውጪ ስለሆነ ምክንያት ነው። በአንገት አከርካሪ ፊት ለፊት ትርፍ አጥንት ይበቅልና የምግብ ቧንቧን ከኋላ ይገፋል። ሰውየው ቀስ በቀስ መብላት ያቅተዋል። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ነገር አይደለም፣ ግን ሲያጋጥም ሰው ለዓመታት በተሳሳተ መድኃኒት ይንገላታል።

እኔ ጠቅላላ ሐኪም ነኝ፣ የምሠራውም መሀል አዲስ አበባ ነው። ታካሚዬ ታሪካቸውን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል። ማንነታቸውን የሚያሳውቅ ነገር ግን አላስገባሁም።

ሰውየው 68 ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ፒያሳ ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ናቸው። ትውልዳቸው አርሲ ነው፣ ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ ላይ ይመጣል። ስኳር ካለባቸው ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል። ክኒን ይወስዳሉ፣ ክትትል ላይ ግን እምብዛም ናቸው። በጎልማሳነታቸው ወፈር ያሉ ሰው ነበሩ።

እኔ ጋ የመጡት ለጉሮሯቸው አልነበረም፣ ለሳል ነው። ባለቤታቸው አብረዋቸው ነበሩ። ሳሉ መቼ እንደሚብስባቸው ስጠይቃቸው «ሌሊት ነው ልጄ» አሉ። ባለቤታቸው አላስጨረሷቸውም። «ምን ሌሊት! ማዕድ ላይ ነው እንጂ ዶክተር። ትን ይላቸዋል። ውሃም ሲጠጡ ትን ይላቸዋል። እኔ እንኳ ጉርሻ መስጠት ከተውኩ ቆየሁ፣ እምቢ ይሉኛል። ቡናም ቢሆን አይጨርሱም፣ ሲኒው ሥር ሁልጊዜ ይተርፋል» አሉኝ።

እኔን የያዘኝ የሲኒው ነገር ነው። ለምን እንደማይጨርሱት ስጠይቃቸው «ቀና ስል አይወርድልኝም» አሉ። እውነትም የሲኒን ቡና ለመጨረስ አንገት ቀና ማለት አለበት። ውሃ አስመጣሁና አገጫቸውን ወደ ደረታቸው ዝቅ አድርገው አንድ ጉንጭ እንዲውጡ ጠየቅኳቸው፣ ወረደ። ቀና ብለው እንዲደግሙት ስጠይቃቸው ትን አላቸው፣ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀር ሳሉ። ጎን ለጎን እንዲያዩ ሳደርግ ደግሞ አንገታቸው አይዞርም፣ መላ ትከሻቸው ነው አብሮ የሚዞረው። ቤተሰቡ ይህን ያውቃል፣ ግን «የስፌት ነው፣ ዕድሜ ልክ አቀርቅሮ» ብሎ ትቶታል።

ነገሩ ሲጀምር ደረቅ ነገር ብቻ ነበር የማይወርድላቸው። ዳቦ፣ ቆሎ፣ ደረቅ ጥብስ። ከዚያ እንጀራውም በወጥ ካልራሰ አልወርድ አለ። ኋላ ላይ ክኒን ሁሉ ጉሮሯቸው ላይ እየተለጠፈ ያስቸግራቸው ጀመር። መድኃኒት ቤት ሄደው ለቶንሲል አሞክሲሲሊን ወሰዱ። አንድ ክሊኒክ ጨጓራ ነው ብሎ ኦሜፕራዞል ሰጣቸው፣ ሌላው የጨጓራ ባክቴሪያ ነው ብሎ ሙሉ መድኃኒቱን አስጨረሳቸው፣ ሳይሻል ሲቀር ያንኑ ደገመላቸው። ለአንገታቸው ወጌሻ ዘንድ ሄደው በቅቤ ታሹ። ተልባ ጠጡ። በዚህ መሀል ከ74 ኪሎ ወደ 61 ወርደዋል። ሱሪያቸውን ራሳቸው ሁለት ጊዜ አጥብበውታል። ባለቤታቸው ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸው ተቆራረጠ።

ከሁሉ የሚያናድደኝ አንድም ቦታ አንገታቸው በራጅ አለመታየቱ ነው። በጎን በኩል የሚነሣ የአንገት ራጅ ርካሽ ነው፣ ደቂቃም አይፈጅም፣ መሀል ከተማ ውስጥ የሌለበት ሰፈር የለም።

ለምን አንገት እንደሚታይ ላስረዳ። የአንገት አጥንቶች ሰባት ናቸው፣ ከላይ ወደ ታች ይቆጠራሉ። ጉሮሯችንና የምግብ ቧንቧው መጀመሪያ በቀጥታ ፊታቸው ላይ ነው የሚያልፉት። በመካከላቸው ያለው ስስ ጡንቻና ስስ ሥጋ ብቻ ነው። ስለዚህ ከአጥንቱ ወደ ፊት የሚበቅል ማንኛውም ነገር ሌላ መሄጃ የለውም፣ ጉሮሮን ነው የሚገፋው። ቦታውም ወሳኝ ነው። በሦስተኛውና በአራተኛው አጥንት አካባቢ ከበቀለ፣ ስንውጥ ተደፍቶ የአየር ቧንቧን የሚሸፍነውን ክዳን እንዳይደፋ ያግደዋል። ያኔ ምግብና ውሃ ወደ ሳምባ መንገድ ይገባል፣ ትንታው ይመጣል። በስድስተኛው አካባቢ ከሆነ ደግሞ የምግብ ቧንቧው የሚጀምርበትና ከማንቁርት ጋር ተያይዞ የሚጠብቅበት ቦታ ነው። እዚያ ቧንቧው ሸሸት ማለት ስለማይችል ትንሽ አጥንትም ቢሆን ብዙ ያስቸግራል።

የአንገት ራጅ አዝዤ ሳለ ባለቤታቸው ከፌስታል ውስጥ አንድ የቆየ የደረት ራጅ አወጡልኝ። ለሳሉ ተብሎ ሌላ ቦታ የተነሣ ነው፣ «ሳምባው ንጹሕ ነው» ተብሎ ተመልሷል። ሳምባው በእርግጥ ንጹሕ ነበር። ግን የጀርባ አጥንቶቹን ላየ ሰው በቀኝ በኩል አንዱ አጥንት ወደ ሌላው ፈስሶ፣ በጧፍ ላይ ወርዶ እንደረጋ ሰም ተያይዘዋል። በደረት ላይ ይህ በቀኝ የሚበዛው በግራ በኩል ትልቁ የደም ቧንቧ ያለማቋረጥ ስለሚመታ አጥንቱ እዚያ ስለማይበቅል ነው ተብሎ ይታመናል። የአንገቱ ራጅ ሲመጣ ያው ነገር እዚያም ነበር። ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው አጥንት ፊት ለፊት ተያይዞ፣ አራተኛውና አምስተኛው ላይ እንደ ምንቃር ወጣ ብሎ ይታያል።

ተራ የአንገት መበላሸት እንዳልሆነ የሚያሳየው ይህ መያያዙ ነው። በዕድሜ የሚመጣው የተለመደው ዓይነት በአጥንቶቹ መካከል ያለው ዲስክ እየሳሳ ሲሄድ ጠርዙ ላይ ትንንሽ ጉጦች የሚያበቅለው ነው። የሳቸው ግን ዲስኮቹ በአብዛኛው ቁመታቸውን እንደጠበቁ ናቸው። የተለወጠው ፊት ለፊት ያለው ጅማት ነው፣ ወደ አጥንትነት ተቀይሯል። ይህን በሽታ ፈረንሳዊው ዣክ ፎሬስቲየርና ስፔናዊው ሮቴስ ኬሮል ናቸው እ.ኤ.አ. በ1950 በዝርዝር የጻፉት። እስከ ዛሬም የፎሬስቲየር በሽታ የሚለው ብዙ ነው። ኋላ በ1970ዎቹ አሜሪካዊው የራጅ ሐኪም ዶናልድ ሬዝኒክ ቢያንስ አራት ተከታታይ አጥንቶች በዚህ መልክ ተያይዘው መታየት አለባቸው የሚለውን መለያ ከሌሎች መስፈርቶች ጋር አስቀመጠ። በሽታው በወንዶች ላይ፣ ዕድሜ ሲገፋ፣ ስኳርና ውፍረት ባለባቸው ሰዎች ላይ ይበዛል። ምንጩ ሙሉ በሙሉ አልታወቀም። አቀርቅሮ መሥራት ያመጣዋል የሚል ማስረጃ ግን የለም። ይህን ለሰውየው ስነግራቸው እፎይ አሉ፤ የወደዱት ሥራ ገደለኝ ብለው ነበር የሚያስቡት።

እንግዲህ አጥንቱ ተገኘ። ቤተሰቡ በማግሥቱ ኦፕራሲዮን የሚደረግ መስሎት ነበር።

ሪፈር የጻፍኩላቸው ወደ አንድ የመንግሥት የማስተማሪያ ሆስፒታል፣ ወደ ነርቭ ቀዶ ሐኪም ነው። በነገራችን ላይ ይህ ራሱ ትንሽ ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2006፣ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ነው። ከዚያ በፊት በመላ አገሪቱ የነበሩት በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ አንድ የፒያሳ ልብስ ሰፊ በታክሲ ሄዶ ካርድ አውጥቶ ሊታይ መቻሉ ከዚያ የመጣ ነው። ወረፋው እንዳለ ሆኖ።

ሐኪሙ ራጁን አየ፣ ታሪኩን ሰማ፣ ከዚያ ቀዶ ሕክምናውን ለጊዜው አልሠራም አለ። ቤተሰቡ ተቆጣ። ልጃቸው ደውሎልኝ «አጥንቱ እየታየ ምን ይጠበቃል?» አለኝ። እኔ ግን ሐኪሙ ትክክል ነበር ባይ ነኝ፣ ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም በዋናነት ስለዚህ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ ብዙ ሰዎች አንገታቸው ላይ ትርፍ አጥንት አለ። አብዛኞቹ ጥብስና ቆሎ እንደልባቸው እየበሉ ይኖራሉ። አጥንት ስለታየ ብቻ መዋጥ ያቃተው በእሱ ነው ብሎ አንገት መክፈት፣ እውነተኛውን በሽታ ከኋላው ተደብቆ እንዲያድግ መተው ሊሆን ይችላል። ለሳቸው ደግሞ የሚያሰጋ ምክንያት ነበር። የምግብ ቧንቧ ካንሰር በምሥራቅ አፍሪካ ከሚበዛባቸው ቦታዎች መካከል አርሲና ባሌ ይገኙበታል። የአርሲ ተወላጅ፣ ምግብ የማይወርድለት፣ አሥራ ሦስት ኪሎ የከሳ የ68 ዓመት ሰው ፊቱ ሲቀርብ ያንን ሳያጣራ ቢላ የሚያነሣ ሐኪም አልፈልግም።

የማጣራቱ ቅደም ተከተልም ልብ ሊባል ይገባዋል። መጀመሪያ የአንገት በላይ ሐኪም በአፍንጫ በኩል በቀጭን ካሜራ ጉሮሯቸውን አየ። የኋላው ግድግዳ ወደ ፊት አብጦ የማንቁርቱን መግቢያ ሊነካ ደርሷል። ላዩ ግን ጤነኛ፣ ለስላሳ፣ ቁስል የሌለው ነው። እንዲህ ያለ እብጠት ሲታይ ዕጢ መስሎ ናሙና መቁረጥ ያምራል። ራጁ አስቀድሞ ስለነበር ሥሩ አጥንት መሆኑ ታወቀና ሳይነካ ታለፈ።

ቀጥሎ ባሪየም ነው የመጣው፣ ኢንዶስኮፒ አይደለም። ምክንያቱ ቀላል ነው። የምግብ ቧንቧው ከኋላ በአጥንት ተገፍቶ በጠበበበት ቦታ መሣሪያ በግፊት ቢገባ ሊቀደድ ይችላል፣ የምግብ ቧንቧ መቀደድ ደግሞ ሕይወት የሚያሳጣ ነገር ነው። ስለዚህ መንገዱ አስቀድሞ በሥዕል ይታያል። ባሪየሙ ነጭ፣ ወፍራም ፈሳሽ ነው፣ እየተዋጠ ሳለ ራጁ ይከታተለዋል። ምስሉን አብሬ የማየት ዕድል ነበረኝ። አገጫቸውን ዝቅ አድርገው ሲውጡ ነጩ ነገር አራተኛው አጥንት ጋ ሲደርስ ቀጠነ፣ ወደ ፊት ታጠፈ፣ ከዚያ አለፈ። አገጫቸውን ቀና ሲያደርጉ እዚያው ቆመ። ከላይ ተጠራቀመ። ከጎኑ ቀጭን ነጭ መስመር ወደ አየር ቧንቧው ሾለከ፣ እሳቸው ግን ወዲያው አልሳሉም፣ ትንሽ ቆይተው ነው የሳሉት። ሌሊት ለሚያስነሣቸው ሳል መልሱ ይኸው ነበር።

ኢንዶስኮፒው በቀጭን መሣሪያ፣ በጥንቃቄ፣ ባሪየሙን ባየ ሐኪም ተሠራ። ከጠበበው ቦታ በታች ቧንቧው እስከ ጨጓራ ድረስ ንጹሕ ነው። ዕጢ የለም። ባለቤታቸው ኮሪደሩ ላይ እልል ሊሉ ነርሷ ናት እጃቸውን ይዛ ያስቆመቻቸው። ለሁለት ዓመት በልባቸው ይዘው የኖሩትን ፍርሃት የነገሩኝ ያን ቀን ነው።

ሌላውም ተፈተሸ። እንቅርት የለም። ስትሮክ፣ ፓርኪንሰን፣ የጡንቻ መድከም በሽታ መዋጥን ስለሚያውኩ የነርቭ ምርመራ ተደረገላቸው፣ ደህና ናቸው። ሲቲ ስካኑ ትርፍ አጥንቱ በጣም በወፈረበት 14 ሚሊ ሜትር ወደ ፊት መውጣቱን አሳየ። ኤም አር አይ የታዘዘው ደግሞ በዚህ በሽታ አንዳንዴ የኋላው ጅማትም አጥንት ሆኖ ሕብለ ሰረሰርን ስለሚጫን ነው። የሳቸው ሕብለ ሰረሰር ነፃ ነበር። እንዲህ ሆኖ ነው ጥርጣሬው ማረጋገጫ ያገኘው። ቦታው ከምስሉ፣ ምስሉ ከምልክቱ፣ ምልክቱም አንገት ቀና ሲል ከመባሱ ጋር ገጠመ፣ ሌላ ምክንያትም አልተገኘም።

አሁንም ግን ቀጥታ ኦፕራሲዮን አልነበረም። ለብዙዎቹ ታካሚዎች አመጋገብን ማስተካከል ይበቃል፣ ስለዚህ መጀመሪያ ያ ይሞከራል። ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ አገጭ ዝቅ ብሎ፣ በትንሽ በትንሹ፣ ሳይናገሩ መብላት። ምግቡ የላመ፣ የራሰ። ቀጭን ውሃ ከወፈር ያለ አጥሚት ይልቅ ቶሎ ወደ ሳምባ መንገድ ስለሚሾልክ መጠጡ ወፈር እንዲል ተመከረ። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይገርመዋል፣ ውሃ ከምግብ ይቀላል ብሎ ስለሚያስብ። እብጠት የሚቀንስ መድኃኒት ለአጭር ጊዜ መስጠትም የተለመደ ነው፣ እሳቸው ግን ስኳሩ ኩላሊታቸውን መንካት ጀምሮ ስለነበር አልሰጠናቸውም።

ችግሩ ጾም ገባ። ሰውየው ጾም የሚያፈርሱ ዓይነት አይደሉም። አጥሚቱ በውሃ፣ ሽሮው ያለ ዘይት፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ። በዚህ ላይ የስኳር ክኒን። እኔ ብነግራቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ይሄዳሉ። ባለቤታቸው ናቸው መላውን ያገኙት፣ የንስሐ አባታቸውን ቤት አመጧቸው። አባ አጭር ነገር ነው የተናገሩት፣ የታመመ ሰው ወተትና እንቁላል እንዲወስድ ፈቅደው ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አጥሚቱ በወተት ሆነ፣ እንቁላልም ተጨመረ። ሕክምና ላይ ያላችሁ፣ ጾመኛ ታካሚ ሲያጋጥማችሁ ክርክር ከመግጠም የንስሐ አባቱን ስልክ ጠይቁ። ሰዓት ይቆጥብላችኋል፣ ታካሚውም ቅር ሳይለው ይበላል።

ለጥቂት ሳምንታት ሻል አላቸው። ከዚያ በአንድ ሌሊት ትኩሳት ተነሣባቸው፣ ትንፋሽ አጠራቸው፣ ሆስፒታል ገቡ። በትንታ የመጣ የሳምባ ምች ነበር። በአንቲባዮቲክ ተረፉ፣ ነገር ግን ሁሉም ሰው የገባው ያኔ ነው። መክሳት አንድ ነገር ነው፣ ምግብ ሳምባ ውስጥ መግባት ሌላ ነው። ሁለተኛው የሳምባ ምች ላያስተርፍ ይችላል። ቀዶ ሐኪሙም አሁን እሠራለሁ አለ።

ከመፈረማቸው በፊት አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ሰውየው የጠየቁት አንድ ነገር ነው። «እጄስ? መርፌ መያዝ እችላለሁ?» አሉት። ሐኪሙ ጥያቄውን አላቃለለውም። ሥራው በአከርካሪው ፊት ለፊት እንደሆነ፣ ነርቮቹ ያሉበት ቦይ ውስጥ እንደማይገባ፣ ስለዚህ ለእጅ ያለው አደጋ አነስተኛ መሆኑን በወረቀት ላይ ሥሎ አሳያቸው። የሚያሰጋው ሌላ መሆኑንም አልደበቀም፦ ድምፅን የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ሊጎዳና ድምፅ ሊጎረንን ይችላል፣ የምግብ ቧንቧው ሊቀደድ ይችላል፣ ከቀዶው በኋላ አንገት ውስጥ ደም ተጠራቅሞ አየር ሊዘጋ ይችላል። ሁሉንም ሰሙ። «እንግዲህ እግዚአብሔር ያውቃል» አሉና ፈረሙ። ስኳራቸው እስኪስተካከል ጥቂት ተጠበቀ፣ ስኳር ከፍ ብሎ የተሠራ ቁስል ስለሚያመረቅዝ።

ከቀዶው በፊት ትልቁ ጭንቀት የማደንዘዣው ነው። ሰው ሲደነዝዝ ቱቦ በአፉ ወደ አየር ቧንቧው ይገባል፣ ለዚያም አንገት ወደ ኋላ ይታጠፋል። የሳቸው አንገት አይታጠፍም። በኃይል ቢታጠፍ ደግሞ እንዲህ ያለ ግትር አከርካሪ እንደ ረጅም እንጨት ሊሰበር ይችላል። ጉሮሮውም ውስጥ አጥንቱ መንገድ ዘግቷል። ስለዚህ ሳይተኙ፣ ጉሮሯቸው ብቻ ደንዝዞ፣ ቱቦው በካሜራ እየተመራ በአፍንጫቸው ገባ። ሰውየው ነቅተው ነው ያለፉት። ደስ የሚል ነገር አይደለም፣ ለሳቸው ግን አስተማማኙ መንገድ እሱ ነበር።

ቀዶው የሚሠራው ከፊት ነው። መንገዱን አሜሪካ ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ፣ ሮበርት ሮቢንሰንና ጆርጅ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለዲስክ ሕክምና ያስተዋወቁት ነው። በአንገታቸው ግራ በኩል፣ የቆዳውን እጥፋት ተከትሎ፣ አግድም ተቆረጠ። ትልልቆቹ የደም ቧንቧዎች ወደ ውጪ፣ የአየርና የምግብ ቧንቧዎች ወደ ውስጥ ገለል ይደረጋሉ፣ በመካከላቸው ጡንቻ ሳይቆረጥ ወደ አጥንቱ ይገባል። ግራውን የመረጡበት ምክንያት የድምፁ ነርቭ በዚያ በኩል አካሄዱ ስለሚታወቅ ነው። በቀኝ የሚገቡም ሐኪሞች አሉ። የምግብ ቧንቧው በእጅ እንዲለይ በአፍንጫ ቀጭን ቱቦ አስቀድሞ ገብቶበታል። ትክክለኛው አጥንት ላይ መሆናቸውን በራጅ አረጋገጡ። ከዚያ ትርፉ አጥንት በፍጥነት በሚሽከረከር መሰርሰሪያ እየተፋቀ፣ ውሃ እየተረጨበት፣ የአንገቱ አጥንት የቀድሞ ፊቱ እስኪታይ ድረስ ተላገ። የደማው አጥንት በሰም ተደፈነ።

ብረት አልተጨመረም። ይህ በሐኪሞች መካከል አንድ ዓይነት መልስ የሌለው ጉዳይ ነው። አንዳንዶች ትርፉን አጥንት ካነሡ በኋላ አጥንቶቹን በብረት ያያይዛሉ፣ መንቀሳቀሱ ሲቆም አጥንቱ ተመልሶ አይበቅልም ብለው ስለሚያስቡ ነው። የሳቸው ሐኪም ግን ዲስኮቹን ስላልነካና አንገቱ የተረጋጋ ስለነበር ብረቱ ራሱ ጉሮሮን እንዲገፋ ለምን እጨምራለሁ አለ። ለሳቸው ሁኔታ ይህ ያሳምነኛል።

የመጀመሪያው ሌሊት በጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው ያለፈው። ደም ቢጠራቀም ቶሎ የሚታየው እዚያ ስለሆነ ነው፣ ቁስሉ ውስጥም ደም የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ ተተክሎ ነበር። በማግሥቱ ባለቤታቸው ደነገጡ። «ጭራሽ ምራቁንም መዋጥ አቃተው እኮ!» ብለው ደወሉልኝ። ይህ የሚጠበቅ መሆኑን ቤተሰብ አስቀድሞ ካልተነገረው መደንገጡ አይቀርም። የምግብ ቧንቧው በቀዶው ጊዜ ለረጅም ሰዓት ገለል ተደርጎ ስለሚቆይ ያብጣል፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት መዋጥ ከበፊቱ ይከፋል። በአፍንጫ ቱቦ ወተትና አጥሚት እየተሰጣቸው እብጠቱ እስኪወርድ ተጠበቀ። ከዚያ ቧንቧው አለመቀደዱ በራጅ ታይቶ በአፍ ጀመሩ። መጀመሪያ ወፈር ያለ አጥሚት። ቀጥሎ በሽሮ የራሰ ፍርፍር። ድምፃቸው ለጥቂት ሳምንታት ጎርንኖ ቆየና ተመለሰ።

አንድ ነገር ልጨምር። አጥንቱ ቢነሣም የመዋጥ ጡንቻዎቻቸው ለሁለት ዓመት የተላመዱት አካሄድ ነበር። ሁልጊዜ አጎንብሰው፣ ትን እንዳይላቸው ፈርተው፣ ግማሽ ጉንጭ ነበር የሚውጡት። የመዋጥ ልምምድ የሚያሠራ ባለሙያ እኛ ዘንድ እንደ ልብ አይገኝም። የአንገት በላይ ሐኪሙ መሠረታዊውን አሳያቸው፣ ባለቤታቸው ደግሞ በየማዕዱ አስደገሟቸው። ጉርሻም እንደገና የተጀመረው በዚህ ጊዜ ነው፣ መጀመሪያ ትንንሽ፣ በደንብ የራሰች።

በስድስት ወር 68 ኪሎ ደረሱ። ባሪየሙ ሲደገም አገጫቸውን ቀና አድርገውም አለፈ፣ ወደ አየር ቧንቧውም አልሾለከም። ሱቃቸውን ከፍተዋል። አንገታቸው ግን አሁንም አይዞርም፣ ቀዶውም እሱን ለማስተካከል የተሠራ አይደለም፣ ይህም ከመጀመሪያው ተነግሯቸዋል። ትልልቅ ክኒን አሁንም ያስቸግራቸዋል። የትኛው ክኒን ለሁለት ቢሰበር ችግር እንደሌለው ፋርማሲስቷን አስጠይቀናል፣ አንዳንዱ መሰበር የለበትምና።

አጥንቱ ቀስ እያለ ተመልሶ ሊያድግ ይችላል፣ በዓመታት ውስጥ ምልክቱ የተመለሰባቸው ታካሚዎች አሉ። ስለዚህ በየዓመቱ በጎን በኩል የአንገት ራጅ ይነሣሉ፣ ኪሏቸው ይመዘናል፣ ማዕድ ላይ ትን ይላቸው እንደሆነ ባለቤታቸው ይጠየቃሉ። ከሳቸው ይልቅ ባለቤታቸውን ነው የማምነው። ስኳራቸውን አሁን በየሦስት ወሩ እናያለን።

ወጌሻ ዘንድ ዳግመኛ አይሄዱም። አከርካሪያቸው ግትር ስለሆነ በአንገት ማሸትና መጠምዘዝ፣ ቀላል በሚመስል መውደቅም ቢሆን ሊሰበር ይችላል፣ ስብራቱም ሕብለ ሰረሰርን ሊጎዳ ይችላል። ከወደቁ አንገታቸው ሳይንቀሳቀስ ወደ ሆስፒታል መሄድ እንዳለባቸው ለልጆቻቸው ነግሬያለሁ። ቦርሳቸው ውስጥም አጭር ወረቀት ጽፌ አስቀምጫለሁ፦ የፎሬስቲየር በሽታ እንዳለባቸው፣ ማደንዘዣ ካስፈለጋቸው አንገታቸው ወደ ኋላ እንዳይታጠፍ፣ ቱቦው በካሜራ እንዲገባ። ማንኛውም ሐኪም ሊያነበው የሚችል ነው፣ ከሥሩም የስልክ ቁጥሬ አለበት።